የሐይቁ መዝገብ ጠባቂ፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሕይወትና የመጻሕፍት ቤታቸው

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ እትም ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ የሰጠኝ ርእስ፣ አንድ ሶፍትዌር ደጋግሞ በሚገነባበት ወቅት ከፋይሎቹ መካከል የተለወጡት ካልተለወጡት በምን ተለይተው እንደሚታወቁ የሚመለከት ነበር። ርእሱ ለሙያው ሰው ተራ ይመስላል። በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉትን ፕሮግራም፣ አንዲት መስመር በተለወጠች ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና መገንባት ጊዜን ማባከን ስለሆነ፣ የተለወጠውንና በተለወጠው ላይ የተደገፈውን ብቻ መልሶ መገንባት ይበቃል። ችግሩ ያለው ይበቃል በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ምን እንደ ተለወጠ በእርግጥ የሚያውቅ ማን ነው? ያወቀውስ መዝግቦታልን? ይህን ጥያቄ ባሰብሁት ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ሳይሆን የወሎው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ስለዚህም ኮሚቴው ፈቃዱን ሰጥቶኝ፣ ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለማየት መርጫለሁ፤ ይኸውም በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሕይወት ነው። ስለ ቅድስናቸው መናገር የሊቃውንቱ ድርሻ ስለሆነ፣ እኔ የማተኩረው በመጽሐፍ ሰብሳቢነታቸውና በመዝገብ ጠባቂነታቸው ላይ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ የተወለዱት በ1206 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ ዳህና በተባለው አገር ነው። ዘመኑ የዛግዌ ነገሥታት ላስታ ላይ ተቀምጠው አገሪቱን የሚገዙበት ዘመን ነበር። አባታቸው ዘክርስቶስ፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ከቤተሰባቸው ተለይተው የምንኩስናን ሕይወት በፈለጉ ጊዜ ያቀኑት ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ ነበር። ደብረ ዳሞ ዛሬም ቢሆን በገመድ ካልተሳቡ የማይወጣበት አምባ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከአክሱም ዘመን የተወረሰ ትምህርትና መጽሐፍ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። በዚያም በአበምኔቱ በአባ ዮሐኒ እጅ መነኰሱ። ገድላቸው እንደሚተርከው በደብረ ዳሞ በቆዩባቸው ዓመታት ከጸሎቱና ከአገልግሎቱ ጎን የጽሕፈትን ሥራ ተምረዋል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ሐይቅ ላይ የሠሩትን ሁሉ ስንመለከት፣ የብራናን ሥራ በእጁ የሚያውቅ ሰው ሥራ መሆኑን እንረዳለን።

የብራና ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ለማያውቁ የማኅበራችን አባላት ጥቂት ላብራራ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋውም ጠጉሩም ይፋቃል፤ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል። ከዚያም በልክ ተቆርጦ እየታጠፈና ቅጠሉ በቅጠል ውስጥ እየገባ ጥራዝ ይሆናል። በወስፌ ጫፍ ተወግቶ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ጸሐፊው በመቃ ብርዕ፣ ከጥላሸት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ርእሱንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ያደርጋል። ጥራዞቹ ተሰፍተው በእንጨት ገበታ መካከል ሲጠረዙ መጽሐፍ ይሆናሉ። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል።

አንድ መጽሐፍ በእርጥበት ወይም በአይጥ አንድ ጥራዙ ቢበላሽ፣ ባለ መጽሐፉ ሙሉውን እንደገና አያስጽፍም። ስፌቱን ፈትቶ የተበላሸውን ጥራዝ ያወጣል፤ ከሌላ ቅጂ እርሷን ብቻ አስጽፎ በቦታዋ ያስገባል፤ መልሶም ይጠርዛል። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ከአንዱ ጥራዝ ወደ ሌላው ሲታለፍ የእጅ ጽሑፉ ድንገት ሲለወጥ የምናየው አንዳንዴ ስለዚህ ነው። በየአምስት ደቂቃው ኮምፓይለራችን የሚያደርገው ሥራ ይኸው ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ሠርቶ ከነባሩ ጋር ይሰፋል። እንዲህ ያለው ጥገና አስተማማኝ የሚሆነው ግን የትኛው ጥራዝ እንደ ተበላሸ በእርግጥ ከታወቀ፣ የሚገለበጥበትም ቅጂ ትክክለኛ ከሆነ ብቻ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነው። በስሌት ከተሄደ ዕድሜያቸው በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ መሆኑ ነው። ሐይቅ ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በከተማዪቱ ያልፋል፤ ከዚያም ወዲያ የአምባሰል ተራሮች ይነሣሉ። አምባሰልን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ስሙን ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች መካከል ሳይሰማው አልቀረም። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ በየብስ የሚደረስበት፣ ወደ ሐይቁ የገባ የመሬት ምላስ ነው፤ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ግን ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ትውፊት ከእርሳቸው በፊት አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ከንጉሥ ድልነዓድና ከጳጳሱ ከአባ ሰላማ ዘአዜብ ጋር ያያይዘዋል። እርሳቸው ሲደርሱ ስፍራው አዲስ አልነበረም ማለት ነው። አዲስ የሆነው ከደብረ ዳሞ ይዘውት የመጡት የምንኩስና ሥርዓትና ትምህርት ነው።

በደሴቲቱ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለመላው የደቡብና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የምንኩስና እንቅስቃሴ ምንጭ ሆነ። ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት በእርሳቸው ሥር ተምረው፣ ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻገሩ፤ በመጨረሻም ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ሌላው ደቀ መዝሙራቸው አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሐይቅ ሄደው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አቀኑ፤ የገዳሙ ስም ራሱ ከየት እንደ ተቀዳ ይመሰክራል። በየገዳሙ ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋል። መጽሐፍ የሚገኘው ቀድሞ ካለ መጽሐፍ በመገልበጥ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ሐይቅ ያላትን ካላወቀች፣ የሰጠችውንም ካልመዘገበች፣ ከእርሷ የሚጠብቁት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

በእርሳቸው የአበምኔትነት ዘመን አጋማሽ፣ በ1262 ዓ.ም.፣ ይኩኖ አምላክ የዛግዌን መንግሥት አሸንፎ ነገሠ። ትውፊቱ ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በሐይቅ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ እጅ እንደ ተማረ፣ ከነገሠም በኋላ ለገዳሙ ታላቅ ርስትና ክብር እንደ ሰጠ ይናገራል። የዚህ ትውፊት ዝርዝር ምን ያህል ታሪክ፣ ምን ያህል የኋለኛ ዘመን ጭማሪ እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኔም ወደዚሁ ነገር እመለሳለሁ። የማያከራክረው፣ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ መያዙና ይህ ማዕርግ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ከታላላቆቹ የቤተ ክህነት ሹመቶች አንዱ ለመሆን መብቃቱ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ለንጉሡ ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበሩ የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። የማዕርጉ ትርጉም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ከፋይል ጊዜ ጋር ስንታገል ለምንውል ለእኛ ለፕሮግራም ሠሪዎች፣ በአገራችን እንዲህ ያለ ሹመት እንደ ነበረ ማወቅ የሚያስቀናም የሚያጽናናም ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። በ1273 ዓ.ም. አቡነ ኢየሱስ ሞአ አንድ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ሰጡ። ይህ መጽሐፍ ዘመኑ በውስጡ ከተጻፈባቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። ሥዕላት አሉበት፤ ከእነዚህም መካከል የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል ይገኛል። በሕይወት ባለ ኢትዮጵያዊ ዘመን የተሣለ ሥዕል ከዚያ ቀደም ካለው ጊዜ ማግኘት እንዴት ብርቅ እንደሆነ ልብ ይሏል።

እንዲህ ባሉ የወንጌል መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚገኝ፣ የእኛን ሙያ ሰው ዓይን ሊይዝ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በ4ኛው ምዕተ ዓመት የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጀው የሰንጠረዥ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ወንጌል በቁጥር በቁጥር ይከፋፈላል፤ ከዚያም አሥር ሰንጠረዦች፣ የትኛው የማቴዎስ ክፍል ከየትኛው የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ ክፍል ጋር እንደሚገናኝ ያሳያሉ። የመጀመሪያው አራቱም የሚስማሙበትን፣ ተከታዮቹ ሦስቱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚገናኙበትን፣ የመጨረሻው አንዱ ወንጌላዊ ብቻውን የጻፈውን ይዘዋል። በኅዳጉ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ወደ ሰንጠረዡ የሚሄድ አንባቢ፣ አንዱን ክፍል ሲያነብ ሌሎቹን የት መመልከት እንዳለበት ያውቃል። የእኛ የግንባታ ፋይል የሚይዘው የጥገኝነት ዝርዝር ከዚህ የሚለየው በእምብዛም ነው፤ ይህ ክፍል ከተነካ የትኞቹን መመርመር ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም ይመልሳሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንጌሉ ራሱ ሳይሆን በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈው ነው። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የወንጌል መጽሐፍ የመዝገብ ቤትም ሥራ ይሠራ ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ የአበምኔቶች ሹመት በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይመዘገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከቤቱ ሁሉ በላይ የሚጠበቀው፣ የማይሸጠውና የማይዋሰው መጽሐፍ እርሱ ነው። የተጻፈውን የሚፍቅ፣ የሚለውጥ ወይም መጽሐፉን ከቦታው የሚያነሣ የተገዘተ ይሁን የሚል ቃል ይታከልበታል። የይለፍ ቃል ባልነበረበት ዘመን የመጻፍ ፈቃድ የሚጠበቀው በግዘት ነበር፤ ከእኛዎቹ የይለፍ ቃሎች መካከል ስንቶቹ የግዘቱን ያህል እንደሚፈሩ አንባቢ ይፍረድ።

በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ውስጥ በ1284 ዓ.ም. ገደማ፣ ማለትም በዕድሜያቸው ፍጻሜ፣ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ እስካሁን ከታወቁት፣ ዘመን ካላቸው የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ የሚቆጠረው ይህ ነው። ዝርዝሩ ምንም የተለየ ጌጥ የለውም፤ የመጽሐፍ ስም ብቻ ይከታተላል። ነገር ግን አንድ የገዳም አለቃ በእርጅናው ወራት ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ቆጥሮ፣ ከማይጠፋው መጽሐፍ ውስጥ ማስጻፉ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ገበዝ የዕቃ ቤቱን በር ከፍቶ ዝርዝሩን በአንድ እጁ፣ መጻሕፍቱን በሌላው ይዞ ማመሳከር ይችላል። ያለው አለ፤ የጎደለው ጎደለ፤ የተጨመረው ተጨመረ። ያለ ዝርዝሩ ግን መደርደሪያው ምንጊዜም ሙሉ ይመስላል። የጠፋ መጽሐፍ ስለ ራሱ አይናገርምና።

ስለ ዘመን አቈጣጠር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ዓመተ ምሕረት በ532 ዓመት አንድ ጊዜ ዞሮ ከመጀመሪያው የሚጀምር ዐውድ ነበር። 532 የተገኘው የጨረቃ ዐውድ 19 ከፀሐይ ዐውድ 28 ጋር ተባዝቶ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ብቻውን ቢጻፍ በየትኛው ዐውድ እንደሆነ አይታወቅም፤ እኛ በቂ አኃዝ በሌለው ቆጣሪ ላይ የሚደርስብን መከራ ይኸው ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን በአንድ ቁጥር አይተማመንም። የነገሠውን ንጉሥ ስም፣ የዓመቱን ወንጌላዊ፣ አበቅቴውን፣ አንዳንዴም ከዓለም ፍጥረት የተቈጠረውን ዓመት ይጨምራል። አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ፣ አበቅቴው በየ19 ዓመቱ ስለሚመለሱ፣ ሁለቱ ተስማምተው የተሳሳተ ዓመት ሊያሳዩ የሚችሉት በጥቂት አጋጣሚ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የራሳችንን ዘመን ስናይ፣ ነገሩ የተጀመረው እጅግ በቀላል መንገድ መሆኑን እንገነዘባለን። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። መነሻው የአንድ ባልደረባው ምሬት ነበር። ባልደረባው ስሕተቱን አርሞ ሳለ፣ የታረመው ፋይል ዳግመኛ ስላልተተረጐመ ግማሽ ቀን ሙሉ ትክክለኛ የሆነውን ፕሮግራም ሲመረምር ዋለ። ሜክ የሚሠራው የፋይሎችን የመጨረሻ የለውጥ ሰዓት በማወዳደር ነው። ምንጩ ከውጤቱ በኋላ ተነክቶ ከሆነ ውጤቱ እንደገና ይሠራል፤ ካልሆነ ይተወዋል። በአንዲት ሐረግ የሚነገር፣ በጥቂት መስመር የሚጻፍ ሐሳብ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይም አገልግሏል። ግን መላው እምነቱ በሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ የተሳሳተ እንደሆነ ፍርዱ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ይህ በእኛ አገር የመጽሐፍ ላይ ምሳሌ አይደለም። የውሃ ፍጆታ ሒሳብ በሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የታሪፍ ሰንጠረዥ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ የደረሰውን በቅርብ አይቻለሁ። ግንባታው የሚካሄድበት ኮምፒዩተር የሰዓት ባትሪው አልቆ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተነሣ፤ በዚያው ቀን የተለወጠው የታሪፍ ፋይልም ያንን የቆየ ቀን ያዘ። ቀድሞ የተሠራው ውጤት ትክክለኛውን ቀን ይዞ ስለ ነበር ፕሮግራሙ ሁለቱን አወዳድሮ የተለወጠ ነገር የለም ሲል ፈረደ፤ ግንባታውም ያለ አንዳች ስሕተት ተፈጸመ። የወሩ ሒሳብ በአሮጌው ታሪፍ ታተመ። ልዩነቱ ኋላ ተደምሮ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ ስድቡን የተቀበሉት ባትሪውን ያልቀየሩት ሳይሆኑ በመስኮቱ ያሉት ገንዘብ ተቀባዮች ነበሩ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ የማያስጠጣ ባትሪ የስንቱን ቤት ወርኃዊ ወጪ አናጋ! በዚያ ክፍል ውስጥ ዐቃቤ ሰዓት አልነበረም።

ስለዚህ ነው የኋለኞቹ መሣሪያዎች በሰዓት ብቻ መታመንን ትተው ይዘቱን ወደ መመልከት የሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ጊት፣ እያንዳንዱን ፋይል የሚያውቀው በስሙ ወይም በሰዓቱ ሳይሆን ከይዘቱ በሚሰላ ቁጥር፣ በሃሽ ነው። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ምንም ካልተለወጠ ሰዓቱ ስንት ጊዜ ቢነካካ ቁጥሩ አንድ ነው። ይሁን እንጂ የሁሉንም ፋይል ይዘት በየጊዜው ማንበብ አድካሚ ስለሆነ፣ በተግባር አስቀድሞ ሰዓቱና መጠኑ ይታያል፤ የተጠረጠረው ብቻ ይነበባል። ፋይሎቹ ሲነኩ ሥርዓተ ክወናው ራሱ እንዲያስታውቅ ማድረግም ይቻላል፤ ይህ ግን ጠባቂው ባንቀላፋበት ጊዜ ያለፈውን አይናገርም። ስለዚህ ጠባቂ ቢቆምም መዝገብ አይቀርም።

የብራናው ዘመን ሰዎች ይዘትን በይዘት ማመሳከርን ያውቁ ነበር። ጽሑፉ ሲያልቅ አንዱ አብነቱን ይዞ፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ተቀምጠው ፊደል በፊደል ያነባሉ። የተሳሳተው በቢላዋ ተፍቆ ይታረማል፤ የተዘለለው በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳግ ተጽፎ ቦታው በምልክት ይታወቃል። የፋቀው ቦታ ብራናው ሳስቶ ስለሚታይ፣ እርማቱም ራሱ አሻራውን ትቶ ያልፋል። ይህን በጎ ባሕርይ ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስንሻገር ጥለነው ነበር፤ ለእርማት ታሪክ ማስቀመጫ መሣሪያ መሥራት ያስፈለገን ከዚያ በኋላ ነው።

ቀደም ሲል ወደ ትውፊቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገድል የተጻፈው ከዕረፍታቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ገድሉ የሚጠቅም ታሪክ ያለበት፣ በጥሩ ግእዝ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ደራሲው የሚጽፈው ሐይቅ ከሌሎች ገዳማት ጋር ስለ ክብርና ስለ ቀዳሚነት በምትፎካከርበት ዘመን ነበር። የወንጌሉ ማስታወሻዎች ሌላ ናቸው። በሕይወታቸው ሳሉ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ መሰጠትና ስለ ዕቃ ቆጠራ የተጻፉ ስለሆኑ ለማንም ክብር አይሟገቱም። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ የጀመረውን የአለቆች ተራ እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ለማቃናት የቻሉት እንዲህ ባሉ ደረቅ መዝገቦች ተደግፈው ነው። ሥርግው ሀብለ ሥላሴም የሐይቅን የመጻሕፍት ቤት አጥንተዋል። በእኔ አስተያየት ከገድሉ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየን ዝርዝሩ ነው። ገድሉ ቅዱሱን ይሰጠናል፤ ዝርዝሩ የቤቱን አለቃ ይሰጠናል።

የመዝገብ አለመመሳከር ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደግሞ ከሐይቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው አገር በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። የአማርኛው ቅጂ 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ እንደምትችል ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገባት። አንድ ውል፣ ሁለት ይዘት፣ በሁለቱም ላይ አንድ ቀን! በሰዓት ብቻ ለሚያወዳድር ሁለቱ አንድ ናቸው። ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ግን ልዩነቱን ባገኘው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ልዩነቱን ባወቁ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ አለቀ። የዚያ የአንድ አንቀጽ ዋጋ በሺህ በሚቆጠር ነፍስ ተከፍሏል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ ሐይቅን ለ45 ዓመት ያህል ከመሩ በኋላ በ1285 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አበምኔቶችም በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ መጻፍን አላቋረጡም፤ ስጦታውንም ሹመቱንም እያከታተሉ በዚያው መዝገብ አስገቡት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተነካ፤ ወንጌሉ ግን ያንን ዘመን አልፎ ለእኛ ደርሷል። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተጀመረ በኋላ ይህም መጽሐፍ በፊልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ ቅጂውም በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ይገኛል። የ1284ቱ ዝርዝር በፊልሙ ላይ ይገኛል። ከተዘረዘሩት መጻሕፍት መካከል ዛሬ በገዳሙ የሚገኙትን ከማይገኙት ለይቶ፣ በኋላ ዘመን ከተደረጉት ቆጠራዎች ጋር በተርታ ማስተያየት ለግእዝ ሊቅና ለኮምፒዩተር ባለሙያ አብረው ቢቀመጡ የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ለዚህ ፈቃደኛ የሚሆን ቢኖር፣ ወንድ ከሆነ ወደ ገዳሙ ራሱ መግባት ይችላል፤ ሴት እኅቶቻችን ግን የገዳሙ ሥርዓት ስለማይፈቅድ ከፊልሙ ላይ መሥራት ይኖርባቸዋል።